ቱቦው ያልደረሰበት ቤት ቢሉ ለምን ይደርሳል?

ባለፈው ክረምት ቀበና ወንዝ ዳር ባለ አንድ የዘመድ ግቢ ውስጥ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ስንጠብቅ ዋልን። የቀበሌ ቤት ነው። ስምንት አባወራ፣ አንድ የውሃ ቆጣሪ፣ አንድ ጉድጓድ ሽንት ቤት። ጉድጓዱ ከሞላ ሰንብቷል። የግቢው ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ከፍሏል። መኪናው ከሰዓት በኋላ መጣ፤ መንገዱ አላስገባ አለው፤ ሾፌሩ ወርዶ አየና «ቱቦዬ እዚያ ድረስ አይደርስም» ብሎ ተመለሰ።

ማታ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። በማግስቱ ጉድጓዱ ጎድሎ ተገኘ። ወዴት እንደሄደ ማንም አልጠየቀም፤ ወንዙ ከአጥሩ ሥር ነዋ! የግቢው ትልቅ እናት ብቻ «ተመስገን፣ ክረምቱ መጠጠልን» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስቄ ሳበቃ ግን አፈርኩ።

የፍሳሽ ክፍያ ከፍ ይበል፣ ገንዘቡም ለመስመር ዝርጋታና ለማጣሪያ ጣቢያ ይዋል የሚለው ሐሳብ ወደ ከተማው ምክር ቤት ሄደ ሲባል እኔ የማስበው ያቺን ጠዋት ነው። እነዚያ ስምንት አባወራዎች ነገ በቢላቸው ላይ «የፍሳሽ አገልግሎት» የሚል መስመር ቢያገኙ ምን ይላሉ? የትኛው አገልግሎት? ክረምቱ የሰጣቸው?

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ክፍያው መጨመሩን አልቃወምም። ይልቁንም ዘግይቷል ባይ ነኝ። የምቃወመው ቱቦ ያልደረሰው ሰው ቱቦ ለደረሰው እንዲከፍል መደረጉን ነው። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በክርክራችን ውስጥ ግን ሁልጊዜ ይቀላቀላሉ።

🔹 በመጀመሪያ «አንዲት ሳንቲም አልከፍልም» ለምትሉት

ንዴታችሁ ይገባኛል። መብራት ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል። የንብረት ታክስ አዋጅ በዚያው ዓመት ወጥቷል። ትራንስፖርቱ፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ የሚታወቅ ነው። በዚህ ላይ የፍሳሽ ክፍያ ሲባል ሰው «አሁንስ በዛ!» ቢል አይፈረድበትም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እስከ ዛሬ በነፃ ነበር እንዴ?

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ላይ የተለቀቀ ሁሉ ታች ይደርሳል። ቀበናውም፣ ቀጨኔውም፣ ቡልቡላውም የሰፈሩን ጉድ ተሸክመው ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ፤ እነሱም አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በመንገዳቸው ላይ ሰው አለ። ከብት የሚያጠጣ አለ። ልብስ የሚያጥብ አለ። በዚያው ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለማ ገበሬ አለ።

ያ ሰላጣ ደግሞ የት ይሄዳል? ወደ አትክልት ተራ፣ ከአትክልት ተራ ወደ ጉሊት፣ ከጉሊት ወደ እኔና እናንተ ገበታ። ማለዳ ገፍትረን የለቀቅነው ነገር ለምሳ ይመለሳል። ተመራማሪዎች በአቃቂ ውሃ በለማ አትክልት ላይ ሄቪ ሜታል ማግኘታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። በ2008 ዓ.ም ክረምት አተት ከተማዋ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሁላችንም ጥሬ አትክልት መብላት ፈርተን ነበር። መቼም አንረሳውም። ወይም ረስተነዋል፤ ችግሩም እሱ ነው።

እንግዲህ ነፃ የሚባል ፍሳሽ የለም። ሂሳቡን የሚከፍለው ሰው ነው የሚለያየው። እኛ በብር ያልከፈልነውን የአቃቂ እናት በልጇ ተቅማጥ ትከፍለዋለች። «አንዲት ሳንቲም አልከፍልም» ማለት «እሷ ትክፈልልኝ» ማለት ነው። ይህን ደፍሮ የሚል ካለ ይበል።

🔹 ገንዘቡ ለምን ያስፈልጋል?

ቀላል ሂሳብ እንሥራ። የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ በ1970ዎቹ ሲሠራ የታሰበው በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዓለም ባንክ ገንዘብ ተስፋፍቶ አቅሙ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ደረሰ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ምስጋና የሚገባውን ማመስገን ያስፈልጋል።

አሁን የከተማዋን ሰው 4 ሚሊዮን ብላችሁ ያዙ። አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ያፈሳል እንበል፤ ይህም ሁለት ተኩል ጀሪካን ነው። ሲባዛ በቀን 200,000 ሜትር ኩብ ይመጣል። የቃሊቲን አቅም እጥፍ ማለት ነው። ሆቴሉን፣ ፋብሪካውን፣ ሆስፒታሉን፣ የመኪና ማጠቢያውን ገና አልቆጠርንም።

ጣቢያ መሥራት ደግሞ የነገሩ ግማሽ ነው። ፍሳሹ ከቤት ወጥቶ ጣቢያው ድረስ የሚሄድበት መስመር ከሌለ ማጣሪያው ያለ እህል የቆመ ወፍጮ ነው። ውድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው፦ ዋናው መስመር፣ የሰፈሩ መስመር፣ ከዚያ ደግሞ ከየግቢው እስከ መስመሩ ያለችው የመጨረሻዋ አሥርና ሃያ ሜትር። ፓምፑ፣ የመለዋወጫ ዕቃው፣ ኬሚካሉ በዶላር ነው የሚመጣው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላሩ ምን እንደሆነ ለማንም አልነግርም።

ስለዚህ ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህን የሚክድ ሰው ወይ ሂሳብ አይወድም ወይ ወንዝ ዳር አይኖርም።

🔹 ጥያቄው ግን ከማን ኪስ የሚለው ነው

በብዙ ከተሞች የፍሳሽ ክፍያ የሚሰላው በውሃ ፍጆታ ነው። ይህን ያህል ውሃ ከገባ ይህን ያህል ፍሳሽ ይወጣል ተብሎ ከውሃ ቢሉ ላይ ይደመራል። ለሰብሳቢው ቀላል ነው፤ ቆጣሪው አለ፣ ቢሉ አለ፣ ካልከፈሉ ውሃ ይቆረጣል። በሁሉም ቤት ቱቦ ባለበት ከተማ አሠራሩ ፍትሐዊም ነው።

እኛ ከተማ ግን ብዙው ቤት ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም። ጉድጓድ ነው፤ ሴፕቲክ ታንክ ነው፤ ወይም እንደ ዘመዶቼ ግቢ ክረምት ነው። እነዚህ ሰዎች ፍሳሻቸውን ለማስመጠጥ ለመኪና ይከፍላሉ። በቢላቸው ላይ ሌላ የፍሳሽ ክፍያ ሲጨመርባቸው ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው፤ አንዱን ላገኙት፣ ሌላውን ላላገኙት። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ይህን ሳያዩ አይደለም።

ገና አላበቃም። የውሃ ታሪፋችን ደረጃ ያለው ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በሜትር ኩብ ብዙ ይከፍላል። ዓላማው ጥሩ ነው፤ የመዋኛ ገንዳ ያለው ሰው ውሃ ለመጠጥ ከሚቸገረው የበለጠ ይክፈል ነው። ነገር ግን ስምንት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ምን ይሆናል? ቆጣሪው ስምንት ቤት መሆኑን አያውቅም። አንድ በጣም አባካኝ ቤት ይመስለዋል፤ ወደ ላይኛው ደረጃ ያወጣዋል። በጣም የተጨናነቀው ግቢ ለአንዷ ጀሪካን ብቻውን ቪላ ውስጥ ከሚኖረው ሰው በላይ ሊከፍል ይችላል። የፍሳሽ ክፍያው የዚህ ቢል መቶኛ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ግፉም በመቶኛ ያድጋል። ቆጣሪ የሌለው፣ ከጎረቤት በጀሪካን የሚገዛውስ? ጎረቤቱ የተጨመረበትን ዋጋ ጀሪካኑ ላይ ይጨምራል። በመጨረሻ ድሃው በጉድጓድ እየተጠቀመ፣ በመስመር የሚጠቀመውን ሕንፃ ፍሳሽ ያስጠርጋል ማለት ነው።

ውሃው እንኳ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ተነስቶ በርሜል ለሚሞላ ሰው «ያፈሰስከውን ያህል ክፈል» ማለት ቀልድ ነው።

🔹 ከዚህ በፊትም ከፍለናል

አንድ ነገር እናስታውስ። ለደረቅ ቆሻሻ የሚከፈለው ገንዘብ ለዓመታት ከውሃ ቢል ጋር ተጣብቆ ሲሰበሰብ ኖሯል። ብዙ ሰው ውሃ የከፈለ እየመሰለው ቆሻሻ ከፍሏል። ይህ ገንዘብ በየወሩ እየተሰበሰበ ሳለ ነው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ቆሼ የተናደው። ከ110 በላይ ሰዎች እዚያ ቆሻሻ ሥር ቀሩ።

ያ ገንዘብ ተበላ እያልኩ አይደለም፤ ማስረጃ ሳልይዝ እንዲህ አልልም። የምለው ክፍያ መሰብሰብና አደጋ መከላከል የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ነው። አንዱ ሲሠራ ሌላው በራሱ አይሠራም። ቢል ከፋዩ «ገንዘቤ ምን ሠራ?» ብሎ የሚጠይቅበት በር ከሌለ ገንዘቡ መሰብሰቡን እንጂ መሥራቱን ማንም አያይም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ አሜሪካ፣ አላባማ ግዛት ያለውን የጄፈርሰን ካውንቲን ታሪክ ይስማ። በርሚንግሃም ከተማ ያለችበት ካውንቲ ነው። ፍሳሻቸው ወንዝ እየበከለ ስለተከሰሱ በ1996 እ.ኤ.አ. መስመራቸውን ሊያድሱ ከፍርድ ቤት ፊት ተስማሙ። ምክንያቱ ትክክል ነበር፤ ወንዙ መዳን ነበረበት። ከዚያ ብድር በብድር ላይ ተቆለለ፤ የኮንትራክተር ጉቦ ገባ፤ ባንኮች የተወሳሰበ የወለድ ውል ሸጡ። የነዋሪው የፍሳሽ ክፍያ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ። ባለሥልጣናትና ኮንትራክተሮች ታሰሩ፤ የካውንቲው ኮሚሽን ፕሬዚዳንት የነበረውና ኋላም የበርሚንግሃም ከንቲባ የሆነው ላሪ ላንግፎርድ በጉቦ ተፈርዶበት 15 ዓመት ተቀጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. ካውንቲው ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ከሰረ። በጊዜው በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የአካባቢ መንግሥት ኪሳራ ነበር፤ መንስኤውም በዋነኛነት የሽንት ቤት ቱቦ ነው።

ፍርድ ቤት፣ ነፃ ጋዜጣ፣ ኦዲተር ያለበት አገር እንዲህ ከሆነ እኛ «እመኑን» በሚል ቃል ብቻ እንድንከፍል ልንጠየቅ አይገባም።

🔹 የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት

እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁልን።

1️⃣ ማን ተገናኝቷል? ክፍያው ከመስመር ጋር በተገናኘ ቤት ላይ ብቻ ይሁን። ያልተገናኘው እስኪገናኝ አይክፈል። ይክፈል ከተባለም በምትኩ በዓመት ይህን ያህል ጊዜ ጉድጓዱ በነፃ ይመጠጥለት፤ ለጠባብ መንገድ የምትሆን ትንሽ መኪናም ትገዛ። አገልግሎት ከሌለ ክፍያ የለም። ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም፤ የጉሊት ነጋዴ ያውቀዋል።

2️⃣ ትልቁ ይቅደም። ሆቴል፣ ፋብሪካ፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ መኪና የሚያጥበው፣ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ያለው አስቀድሞ ይክፈል፤ እንደ ፍሳሹ ብዛት ብቻ ሳይሆን እንደ መርዝነቱም ይክፈል። በ2017 ዓ.ም ወንዝ በሚበክሉ ላይ ከባድ ቅጣት የሚጥል ደንብ ወጥቷል። መልካም ነው። ግን ቅጣቱ ወንዝ ዳር ላሉት፣ ቱቦ ላልተዘረጋላቸው ድሆች ብቻ ከሆነ ደንቡ ሽንት ቤት የለህም ብሎ መቅጣት ይሆናል።

3️⃣ የጋራ ቆጣሪ ይታወቅ። በአንድ ቆጣሪ ስንት አባወራ እንዳለ ይመዝገብና ደረጃው በዚያ ይካፈል። ወረዳው ለሌላ ጉዳይ ሲፈልገን ስንት እንደሆንን አሳምሮ ያውቃል።

4️⃣ የመጨረሻዋ ሃያ ሜትር በማን ወጪ ነው? መስመር በዋናው መንገድ ቢያልፍም ከግቢ እስከ መስመር ያለውን ነዋሪው ያስቆፍር ከተባለ ድሃው በቱቦ አጠገብ እየኖረ በጉድጓድ ይቀራል። በቀበሌ ቤት ደግሞ አከራዩ መንግሥት ነው። የቤቱ ባለቤት እሱ ከሆነ ማገናኘትም የባለቤት ግዴታ ነው። የግል ቤት ያለውም በየወሩ በትንሽ በትንሹ እንዲከፍል ይደረግ።

5️⃣ ገንዘቡ ለብቻው ይቀመጥ። ከፍሳሽ የተሰበሰበው ለፍሳሽ ብቻ ይዋል፤ በተለየ ሂሳብ ይያዝ፤ በየዓመቱ ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ተዘረጋ፣ ስንት ቤት ተገናኘ፣ የትኛው ወረዳ ቀረ የሚለው ለሕዝብ ይውጣ። ኦዲቱም ይታተም። የመብራት ምሰሶና የእግረኛ መንገድ ዓይን ይስባል፤ ከመሬት በታች የተቀበረ ቱቦ ሪባን አይቆረጥለትም። ለዚህ ነው ገንዘቡ ወደሚታየው ነገር እንዳይሸሽ በሕግ መታሰር ያለበት።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥርት ያለ መልስ ከመጣ እጃችሁን አንሱ። እኔም ክፍያውን ደግፌ እዚሁ ቻናል ላይ እጽፋለሁ፤ «አንዲት ሳንቲም» ከሚሉት ጋርም እከራከርላችኋለሁ። መልሱ «ጥናቱ በሂደት ላይ ነው» ከሆነ ግን እጃችሁን አውርዱ።

🔹 እኛስ?

መንግሥትን ብቻ ወቅሼ ብወጣ ሐቀኛ አልሆንም። የማንሆል ክዳን ሰርቆ ለቁራሌ የሚሸጠው የሰፈራችን ልጅ ነው። የሽንት ቤቱን ቱቦ ሌሊት ከጎርፍ ቦይ ጋር የሚያገናኘው የምናውቀው ባለ ቪላ ነው፤ ሕንፃው ውብ ነው፣ ወንዙ የእሱ ሴፕቲክ ታንክ ነው። የጣሪያውን ውሃ በፍሳሽ መስመር ውስጥ ለቅቆ ክረምት ላይ የጎረቤቱን ሽንት ቤት የሚያስተፋውም ከመካከላችን ነው። ጨርቁን፣ ዳይፐሩን፣ የፌስታል ቁራጩን ወደ ቱቦ የምንከተው እኛ ነን። በአዲስ ገንዘብ የተዘረጋ መስመር በአሮጌ ጠባይ በስድስት ወር ይደፈናል።

ቢሆንም የሁለታችን ጥፋት እኩል ነው አልልም። ምርጫ ያለው ሰው ጥፋትና ምርጫ የሌለው ሰው ጥፋት አንድ አይደለም። ባለ ቪላው ቱቦ እያለለት ወንዙን መረጠ። ዘመዶቼ ወንዙን አልመረጡም፤ አዋጥተው ከፍለው መኪና ጠብቀዋል።

በቀደም ደውዬ ነበር። ጉድጓዱ እንደገና እየሞላ ነው። እኒያን ትልቅ እናት «የፍሳሽ ክፍያ ሊጨምር ነው ይባላል፣ ምን ይላሉ እማማ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ይምጡና ይውሰዱት እንጂ እከፍላለሁ። ምን ከፋኝ? ሳይወስዱት ነው የሚከብደኝ» አሉኝ።

እኔ በዚህ ሁሉ ቃል የለፋሁበትን እሳቸው ጨረሱት። ይህን ጽሑፍ የምክር ቤት አባል ለምታውቁ ላኩለት። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ከሌለው የእማማን መልስ ብቻ ያንብብ።

ቸር ይግጠመን።